መጀመሪያ ምን፣ ቀጥሎ ምን? የብረት ድካምን የሚያዘገዩ ሥራዎች ቅደም ተከተል

የተሰበረ ባሌስትራ ጠጋ ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካላያችሁ፣ አንድ ቀን የከባድ መኪና ጋራዥ ጎራ በሉና የተጣለውን ቁራጭ አንስታችሁ የተሰበረበትን ፊት ወደ ብርሃን አዙሩት። ግማሹ ልስልስና ጠቆር ያለ ነው። የሐይቅ ውሃ ሲሸሽ ዳሩ ላይ የሚተወውን ዓይነት የተደራረበ መስመር አለበት። ሌላው ግማሽ ሻካራ ነው፣ ያብለጨልጫል። ልስልሱ ክፍል ለወራት ቀስ እያለ ያደገ ስንጥቅ ነው። ሻካራው ደግሞ የተረፈው ብረት ጭነቱን መሸከም አቅቶት በአንድ ጊዜ የተበጠሰበት ነው። መስመሮቹን ወደ ኋላ ብትከተሏቸው ብዙ ጊዜ ከሁለት ቦታ አንዱ ላይ ያደርሷችኋል። ወይ የመሃል ቡሎኑ ቀዳዳ ጠርዝ ላይ፣ ወይ ደግሞ ፊቱ ላይ ያለች አንዲት ጭረት ላይ።

የብረት ድካም የምንለው ይሄ ነው። አንድ ጊዜ ቢመጣ ብረቱን ምንም የማያደርገው ጭነት፣ ሺህና መቶ ሺህ ጊዜ ሲመላለስ ይሰብረዋል። ድካሙ ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ከብረቱ ፊት ወይም ከቀዳዳ ነው የሚጀምረው። ሰፊ ላሜራ ላይ አንድ ክብ ቀዳዳ ስትበሱ፣ ቀዳዳው ጠርዝ ላይ ያለው ውጥረት ከሌላው ቦታ ወደ 3 እጥፍ ይጠጋል። ቡሎኑ ጥሩ ስለሆነ ወይም ላሜራው ወፍራም ስለሆነ ይሄ ሂሳብ አይቀየርም።

የአውሮፕላን ታሪክ ይህን በደም ነው የተማረው። እ.ኤ.አ. በ1954 በጥርና በሚያዝያ ሁለት የኮሜት ጄቶች አየር ላይ ተበታተኑ። ምርመራው ያመለከተው የካቢኑን ቆዳ ድካም ነው፤ ስንጥቁ ከመክፈቻ ማዕዘንና እዚያው አጠገብ ካለ የማያያዣ ቀዳዳ ነበር የተነሳው። እ.ኤ.አ. በ1988 ደግሞ የአሎሃ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ሃዋይ ላይ እየበረረ የካቢኑ ጣሪያ ተገንጥሎ ሄደ፣ አንዲት የበረራ አስተናጋጅ ሕይወቷን አጣች። አውሮፕላኑ ከ89 ሺህ ጊዜ በላይ ተነስቶ ያረፈ ነበር። እዚያም የሪቬት ቀዳዳዎች ናቸው የተሰነጠቁት።

ስንጥቅን የሚያዘገዩ ሥራዎች አሉ። ሾት ፒኒንግ፣ ማለትም ብረቱን በትንንሽ ጥይቶች መምታት፣ ፊቱን ይጨምቀዋል። ኮልድ ኤክስፓንሽን፣ ማለትም ቀዳዳን ሳያሞቁ በኃይል ማስፋት፣ የቀዳዳውን ዙሪያ ይጨምቃል። የተጨመቀ ብረት ላይ ስንጥቅ አፉን ለመክፈት ይቸገራል፤ ነገሩ ሁሉ ይሄው ነው። እኔን ለመጻፍ ያነሳሳኝ ግን ሥራዎቹ አይደሉም። ቅደም ተከተላቸው ነው። እያንዳንዱን ሥራ በሚገባ ሠርቶ ተራውን ያዛባ ሰው፣ ጠዋት የሠራውን ከሰዓት በኋላ በገዛ እጁ ያጠፋዋል። ከውጭ ደግሞ ምንም አይታይም! ክፋዩ ያምራል፣ ልኩ ልክ ነው፣ ማኅተም ይመታለታል። ጉዳዩ የሚታወቀው ከዓመታት በኋላ ነው።

ለምሳሌ የማደርገው የአሉሚኒየም ክፋይ ነው፤ 7075-ቲ6 የሚባለው ጠንካራ የአውሮፕላን አሉሚኒየም በሉት፣ ቡሎን የሚገባባቸው ቀዳዳዎች ያሉት የክንፍ ማያያዣ። የብረት (የስቲል) እና የታይታኒየም ልዩነት ሲመጣ በየቦታው እነግራችኋለሁ። አንድ ነገር ከወዲሁ እንያዝ። በእጃችሁ ያለው ሥዕል ወይም የጥገና ማኑዋል ከዚህ ጽሑፍ የተለየ ነገር ካለ፣ የሚሠራው እሱ ነው። እኔ የማስረዳው ማኑዋሉ ለምን እንደዚያ እንደሚል ነው።

ደረጃ 1፦ ሙቀትና ጉልበት የሚጠይቀውን ሁሉ ቀድማችሁ ጨርሱ

ሙቀት ማከም፣ ማቃናት፣ ማጠፍ፣ በማሽን መቁረጥ፣ መፈግፈግ፣ እነዚህ ሁሉ ከሾት ፒኒንግ በፊት ያልቃሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሾት ፒኒንግ የሚተወው የተጨመቀ ሽፋን ስስ ነው፣ እንደ ብረቱና እንደ ምቱ ብርታት ከ0.1 እስከ 0.5 ሚሊ ሜትር አካባቢ። ከዚያ በኋላ ክፋዩን ብታጥፉት ጭመቃው ይዛባል። ብትፈገፍጉት ተነስቶ ይሄዳል። ብታሞቁት ደግሞ ይላላል።

የሙቀቱን ወሰን እዚህ ላይ በቃላችሁ ያዙልኝ። ከተፒነ በኋላ አሉሚኒየም ከ93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ እንዳይሞቅ። ብረት (ስቲል) እስከ 245 አካባቢ ይችላል፣ ታይታኒየም እስከ 315 አካባቢ። በየወርክሾፑ የሚሠራባቸው የተለመዱ ወሰኖች ናቸው። ቀለም ለማድረቅ ምድጃ የሚከት ሰው ይህን ካላወቀ፣ ያን ሁሉ ድካም በአንድ ከሰዓት ያጠፋዋል።

ጠንካራ ብረት ከሆነ፣ እንደ አውሮፕላን እግር ያለ፣ ከመፈግፈግ በኋላ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የመፈግፈጊያው ድንጋይ ብረቱን አቃጥሎት እንደሆነ በአሲድ ማጠቢያ ይመረመራል። የተቃጠለ ቦታ ላይ ፒኒንግ መምታት ቁስል ላይ ቀለም እንደ መቀባት ነው።

ደረጃ 2፦ ስንጥቅ መፈለግ ያለባችሁ አሁን ነው

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

በፊት ከሠራሁባቸው ወርክሾፖች በአንዱ፣ ከአገልግሎት የመጣ ክፋይ ላይ 14 ቀዳዳዎችን በማንድሬል፣ ማለትም ጫፉ ወፈር ባለ ዘንግ፣ አሰፋን። ሥራው ጥሩ ነበር፣ ልኩ ሁሉ ትክክል። ተቆጣጣሪው መጣና ወረቀቱን ገለበጠ። “ከማስፋታችሁ በፊት ያደረጋችሁት የኤዲ ከረንት ምርመራ የታል?” አለን፤ በብረቱ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሞገድ እያዞረ ስንጥቅ የሚፈልገውን ማለቱ ነው። አልነበረም። እርስ በርስ ተያየን። አሁን እናድርገው ብንል መሣሪያው የሚሰጠውን ውጤት ማመን አንችልም፤ ያጠበቅነው ጭመቃ ስንጥቅ ካለ አፉን ገጥሞ ይዞታል። ሁሉንም ቀዳዳዎች ወደሚቀጥለው የቡሎን ልክ አሳድገን፣ መርምረን፣ እንደ አዲስ ማስፋት ግድ ሆነብን። የሁለት ቀን ሥራ ነው። ከሁሉ የቆጨኝ ግን ብረቱ ነው፤ የተነሳ ብረት አይመለስም፣ ያ ክፋይ ለወደፊት ጥገና የነበረውን አንድ ዕድል በእኛ ጥፋት አጣ።

ስለዚህ ቀዳዳውን በኤዲ ከረንት፣ ፊቱን ስንጥቅ ውስጥ ሰርጎ በሚገባ ቀለም ወይም በኤዲ ከረንት መርምሩ፣ ከመጨመቃችሁ በፊት። ሾት ፒኒንግም ያው ነው፤ ጥይቱ የስንጥቁን አፍ እየደፈጠጠ ይዘጋዋል፣ ቀለሙ መግቢያ ያጣል። ስንጥቅ ካገኛችሁ አትለፉት። ሪም አድርጋችሁ፣ ማለትም የቀዳዳውን ግድግዳ በመቁረጫ በስሱ ፍቃችሁ፣ አስወግዱት፣ ደግማችሁ መርምሩ፣ ንጹሕ መሆኑን ስታረጋግጡ ማኑዋሉ የሚያዘውን ተጨማሪ ብረት አንሱ። የተሰነጠቀ ቀዳዳ ማስፋት ስንጥቁን ደብቆ ማስተላለፍ ነው።

ደረጃ 3፦ ጠርዝ

ይሄኛው አጭር ነው። ስለታም ጠርዝ ሁሉ፣ የቀዳዳ ከንፈርም ጭምር፣ ከፒኒንግ በፊት ይከረከማል፣ ትንሽ ክብ ይደረጋል። ስለታም ጠርዝ ላይ ጥይት ከመታ ብረቱ ወደ ውጭ ይታጠፍና ትንሽ ከንፈር ይሠራል፣ ከከንፈሩ ሥር ደግሞ ለስንጥቅ የተመቸ ጎጆ። ጥፍራችሁን በጠርዙ ላይ ሳብ አድርጉት። ከያዘው ገና ነው።

የክርከማው ጭረት አቅጣጫም ለውጥ አለው። የብርጭቆ ወረቀቱን ጭነቱ በሚጎትትበት አቅጣጫ ሳቡት እንጂ በአግድሙ አይሁን፤ የአግድም ጭረት ትንሽ ስንጥቅ ማለት ነው።

ደረጃ 4፦ ሾት ፒኒንግ

ትንንሽ ድቡልቡል ጥይቶች፣ የብረት፣ የመስታወት ወይም የሴራሚክ፣ በአየር ግፊት ፊቱ ላይ ይረጫሉ። እያንዳንዷ ጥይት ትንሽ ጎድጓዳ ትተዋለች። ፊቱ ለመለጠጥ ይሞክራል፣ ከሥሩ ያለው ብረት ግን አይለቀውም፤ ስለዚህ ፊቱ ተጨምቆ ይቀራል።

ብርታቱን የምንለካው በአልመን ስትሪፕ ነው፣ በጄኔራል ሞተርስ ይሠራ በነበረው በጆን አልመን ስም የተጠራ። 76 በ19 ሚሊ ሜትር የሆነ የሞላ ብረት ቁራጭ ነው፤ “ኤ” የሚባለው ውፍረቱ 1.29 ሚሊ ሜትር ነው። አንዱን ፊት ብቻ ስትመቱት እንደ ቀስት ይጎብጣል፣ የጉብጠቱ ቁመት ደግሞ ብርታቱን ይነግራችኋል። አንድ ቁራጭ መትቶ መለካት ብቻውን ምንም አይልም። የተለያየ ጊዜ የተመቱ ቁራጮች ይለካሉ፣ ኩርባ ይሳላል፣ ጊዜውን እጥፍ ስታደርጉት ቁመቱ ከ10 ከመቶ በላይ የማይጨምርበት ነጥብ ይፈለጋል። ብርታቱ ያ ነው።

ከዚያ ሽፋኑን እዩ፣ 10 ጊዜ በሚያጎላ መነጽር። ጎድጓዶቹ እርስ በርስ ተነካክተው ያልተመታ ቦታ መጥፋት አለበት። ሆኖም ከበዛ ደግሞ ይጎዳል፤ ሲበዛ ፊቱ ይታጠፋል፣ ይላጣል። “ለማንኛውም ትንሽ ልጨምርበት” የሚል እጅ እዚህ አያስፈልግም።

ከቀዳዳ ጋር የሚያገናኘው ነገር እነሆ። ፒኒንጉ ሲመታ ቀዳዳዎቹ ገና ያልተበሱ ወይም ከመጨረሻ ልካቸው ያነሱ ቢሆኑ እመርጣለሁ፣ ተደፍነውም። መጨረሻ ልኩ ላይ የደረሰ ቀዳዳ አጠገብ ጥይት ከመታ የቀዳዳው አፍ ይጠባል፣ ክብነቱም ይበላሻል። ያን ለማስተካከል ሪም ታደርጉታላችሁ፣ ሪሙም ጠርዙ ላይ የሠራችሁትን ይወስደዋል። ጠባብ ቀዳዳ ከሆነ ግን ከኋላ የሚመጣው ማስፋትና ሪም ጠርዙን ያጸዳዋል።

የብረት ጥይት ለአሉሚኒየም ከተጠቀማችሁ ፊቱ ላይ የብረት ብናኝ ይቀራል፣ ዝገትም ይጀምራል። ወይ ብናኙን በተፈቀደው ኬሚካል አጽዱ፣ ወይ ከመነሻው የመስታወት ወይም የሴራሚክ ጥይት ይሁን።

ካለቀ በኋላ ፊቱ ሻካራ ነው፣ ድፍርስ ይመስላል። ቀለም ሰሪው “ይህን ላለስልሰው” ብሎ የብርጭቆ ወረቀት ሊያነሳ ይችላል። እባካችሁ አስቁሙት! ማለስለስ የሚፈቀድ ከሆነም በጣም ትንሽ ነው፣ ብዙ ጊዜ ከጭመቃው ጥልቀት ከ10 ከመቶ አይበልጥም። የጭመቃው ጥልቀት 0.2 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ የምታነሱት 0.02 ነው ማለት ነው። በእጅ ይዞ ይህን የሚቆጣጠር ሰው አላየሁም።

ደረጃ 5፦ ሽፋን፣ እንደ ብረቱ

አሉሚኒየም ከሆነ አኖዳይዝ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የሚሠራው የኦክሳይድ ሽፋን፣ ከፒኒንግ በኋላ ይገባል። አኖዳይዝ ራሱ፣ በተለይ ጠንካራው ዓይነት፣ የድካም ዕድሜን ይቀንሳል፤ ሽፋኑ እንደ ሸክላ ስለሆነ ቶሎ ይሰነጠቃል። ከሥሩ የተጨመቀ ብረት ሲኖር ግን የሽፋኑ ስንጥቅ ወደ ታች ለመውረድ ይቸገራል። ክሮም የሚለበጥ ጠንካራ ብረትም እንዲሁ፣ ፒኒንጉ ይቀድማል።

ክሮም ሲለበጥ ሃይድሮጂን ብረቱ ውስጥ ይገባል፣ እንዲሰባበር ያደርገዋል። ለዚህ ነው ከተለበጠ በኋላ በተለምዶ በ4 ሰዓት ውስጥ ምድጃ የሚገባው፣ 190 ዲግሪ አካባቢ፣ እንደ ብረቱ ጥንካሬ 23 ሰዓትና ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል። 190 ከ245 በታች ስለሆነ ፒኒንጉን አይነካውም። ለአሉሚኒየም የተነገረውን 93 ዲግሪ ግን ከዚህ ጋር እንዳታቀላቅሉት።

ደረጃ 6፦ ቀዳዳውን ማስፋት

አሁን የምወደው ክፍል መጣ።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ከመጨረሻው ልክ ያነሰ መነሻ ቀዳዳ ትበሳላችሁ፣ ሪም ታደርጉታላችሁ። ጎኑ የተሰነጠቀ ስስ ቱቦ፣ ስሊቭ፣ ማንድሬሉ ላይ ይጠለቃል። ማንድሬሉ ጫፉ ወፈር ያለ ዘንግ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ቀዳዳው ውስጥ ታስገቡና መጎተቻው ማንድሬሉን በስሊቩ ውስጥ ይስበዋል። ወፍራሙ ጫፍ ሲያልፍ የቀዳዳው ዙሪያ ተለጥጦ ከልኩ ያልፋል፣ ከዚያ በስተውጭ ያለው ብረት ወደ ቦታው ሊመለስ ሲል የተለጠጠውን ይጨምቀዋል። እጃችሁን ክፋዩ ላይ ካደረጋችሁ ማንድሬሉ ሲያልፍ አንዲት ጥፊ የመሰለች ንዝረት ትሰማችኋለች። ስሊቩ መሃል ላይ የሚገባው ዘንጉ ቀዳዳውን እየፋቀ እንዳያልፍ ነው። ውስጡ በደረቅ ቅባት የተለበሰ ነው፣ አንድ ቀዳዳ ከሠራ በኋላ ይጣላል።

ሂሳቡን በቁጥር እንየው፣ ቁጥሮቹ ለማሳያ ናቸው። መነሻ ቀዳዳ 6.00 ሚሊ ሜትር። የማንድሬሉ ወፍራም ጫፍ 5.94። የስሊቩ ግድግዳ 0.15፣ በሁለት ጎን 0.30። ድምሩ 6.24። ከ6.00 ላይ 0.24 አሰፋን፣ ማለትም 4 ከመቶ። ለአሉሚኒየም ከ3 እስከ 5 ከመቶ ያለው የተለመደ ነው፣ ታይታኒየም ከዚያ ከፍ ይላል። አሁን መነሻ ቀዳዳውን በስህተት 6.08 አድርጋችሁት ቢሆንስ? ማስፋቱ ከ4 ወደ 2.6 ወረደ። ስምንት መቶኛ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው የተሳሳታችሁት፣ የሥራው ሲሶ ግን ጠፋ። ለዚህ ነው መነሻ ቀዳዳውን “ገባ፣ አልገባም” በሚለው መለኪያ አንድ በአንድ የምንፈትሸው። ማንድሬሉም ያልቃል። በመለኪያው ሳትፈትሹት አትጀምሩ።

የስሊቩ የተሰነጠቀ ጎን ወዴት ይዙር? ቀዳዳው ውስጥ ትንሽ ሸንተረር ትቶ ስለሚወጣ ስንጥቅ የማይጀምርበት ቦታ ላይ ነው የሚቀመጠው። ስንጥቅ የሚያድገው ጭነቱ ለሚጎትትበት አቅጣጫ በቀኝ ማዕዘን ነው፤ ስለዚህ ሸንተረሩ በጭነቱ አቅጣጫ ላይ ይሁን።

ሁለት ነገር ልጨምር። ማንድሬሉ የሚገባበት ፊት ላይ ያለው ጭመቃ ከሚወጣበት ፊት ያነሰ ነው። የበለጠ የሚጎተተው ፊት የትኛው እንደሆነ የምታውቁ ከሆነና ማኑዋሉ ምርጫ ከሰጣችሁ፣ ይህን አስቡበት። ሁለተኛው የጠርዝ ርቀት ነው። ጭመቃው በነጻ አይገኝም፤ እዚህ የተጨመቀውን ያህል ራቅ ብሎ ያለ ብረት ይጎተታል። ከቀዳዳው መሃል እስከ ክፋዩ ጠርዝ ያለው ርቀት የቀዳዳውን ዲያሜትር 2 እጥፍ ያህል ካልሆነ ያ ጉተታ ጠርዙ ላይ ይወድቃል፣ ጠርዙም ሊያብጥ ይችላል። እንዲህ ያለ ቀዳዳ ስታገኙ ቁሙና ኢንጂነሩን ጠይቁ።

ደረጃ 7፦ መጨረሻ ሪም፣ ከዚያ ካውንተርሲንክ

“ከጨመቅን በኋላ አንቆርጥም” ስል ቆየሁ፣ አሁን ሪም አድርጉ እያልኩ ነው። ልዩነቱ ጥልቀቱ ነው። የፒኒንግ ጭመቃ የሚሊ ሜትር ክፋይ ሲሆን፣ የሰፋ ቀዳዳ ጭመቃ ግን ከጠርዙ ተነስቶ የቀዳዳውን ራዲየስ ያህልና ከዚያም በላይ ይሄዳል። ስለዚህ ትንሽ ብረት ብናነሳ ብዙ አይጎድልም፣ የስሊቩ ሸንተረርም አብሮ ይወገዳል። ወሰኑ ግን የተጻፈ ነው፣ አትለፉት። ሪም ከማድረጋችሁ በፊት ደግሞ ቀዳዳው በእርግጥ መስፋቱን በመለኪያው አረጋግጡ፤ ሪም ካደረጋችሁት በኋላ የሰፋውንና ያልሰፋውን በዓይን መለየት አይቻልም።

ካውንተርሲንክ፣ ማለትም የማያያዣው ራስ እንዲገባ የቀዳዳውን አፍ በሾጣጣ ቅርጽ መቁረጥ፣ በተለምዶ ከማስፋት በኋላ ነው። ቀድማችሁ ከሠራችሁት ከአፉ አካባቢ ብረት ስለጎደለ ማስፋቱ ያልተስተካከለ ይሆናል፣ የካውንተርሲንኩ ቅርጽም ይዛባል። ጥልቀቱ ከላሜራው ውፍረት 2 ሦስተኛ እንዳያልፍ። ላሜራውን ሙሉ በሙሉ ከበላው ከታች የቢላ አፍ የመሰለ ጠርዝ ይቀራል፣ የአሎሃው አውሮፕላን ቆዳ ላይ የነበረውም እንዲህ ያለ ጠርዝ ነው።

ደረጃ 8፦ ማያያዣውን ማስገባት

ቀዳዳውን ከቅባትና ከብናኝ አጽዱ። ሪሙ ሽፋኑን ስላነሳው ውስጡ ራቁት አሉሚኒየም ነው፤ ማኑዋሉ የሚያዘውን የዝገት መከላከያ ቀቡት። ከዚያ ማያያዣውን በእርጥብ ማሸጊያ አስገቡ። ዝገት የምትቆፍራት አንዲት ጉድጓድ ሌላ የስንጥቅ መነሻ ናት።

ጥብቅ ሆኖ የሚገባ ማያያዣ ከታዘዘ የሚገባው በዚህ ሰዓት ነው። በመዶሻ እያዋከባችሁ አታስገቡት፣ ቀዳዳውን ይጭረዋል። ዳዶውን በተባለው ቶርክ እሰሩ። የላላ ቡሎን ሁለቱን ክፋዮች እርስ በርስ ያፋትጋል፣ የተፋተገ ፊት ደግሞ ፒኒንግ ቢኖረውም ይደክማል።

ከዚያ ጻፉ። የትኛው ቀዳዳ እንደሰፋ፣ መነሻ ልኩ ስንት እንደነበር፣ መጨረሻው ስንት እንደሆነ፣ የማንድሬሉ ቁጥር፣ የምርመራው ቀን፣ በቅደም ተከተል እያንዳንዱን። ከ8 ዓመት በኋላ ምናልባት ቦሌ፣ ምናልባትም ዱባይ ያለ ሃንጋር ውስጥ አንድ ልጅ ያንን ቡሎን ያወጣል፣ ኤዲ ከረንቱን ያስገባል። ቀዳዳው የተጨመቀ መሆኑንና ከፊቱ ስንት ልክ እንደቀረው የሚያውቀው እናንተ ከጻፋችሁት ብቻ ነው።